ከጨዋታ ሜዳ የመጡ የእንግሊዝኛ ፈሊጦች



የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ በያዝሁ በዓመቱ፥ ከውጭ አገር የመጣ አንድ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ እንድተረጕም ታዘዝሁ። ደብዳቤው ስለ ትምህርት ዕድል የሚናገር ሲሆን፥ በመጨረሻው «ዘ ቦል ኢዝ ናው ኢን ዩር ኮርት» የሚል ቃል ነበረበት። «ቦል» ኳስ፥ «ኮርት» ደግሞ ፍርድ ቤት መሆኑን በትምህርት ቤት ተምሬአለሁ። ኳስና ፍርድ ቤት አልገናኝ ስላሉኝ፥ ኳሱን ትቼ «ጉዳዩ አሁን በፍርድ ቤታችሁ ይገኛል» ብዬ ጻፍሁ። አለቃዬም ይህን አንብበው ፋይሉን ወደ ሕግ ክፍል መሩት። የሕግ ክፍሉም የሌለ ክስ ሲፈልግ ሰነበተ። ስሕተቱ በታወቀ ጊዜ የማመልከቻው ቀን አልፎ፥ ለሁለት ወጣት ሠራተኞች ታስቦ የነበረው ዕድል ለሌሎች ተሰጥቶ ነበር። ከሁለቱ አንደኛውን እስከ ዛሬ በመንገድ ሳገኘው አንገቴን እደፋለሁ።

ያ «ኮርት» የቴኒስ መጫወቻ ሜዳ ነበር። በቴኒስ ጨዋታ አንዱ ተጫዋች ኳሱን መትቶ ከመረቡ ማዶ ካሳለፈ በኋላ ተራው የባላጋራው ነው። ባላጋራውም ኳሱ በእርሱ ወገን ሁለተኛ ጊዜ ሳይነጥር መልሶ መምታት አለበት፤ ያለዚያ ነጥቡን ያጣል። እንግዲህ ደብዳቤው ይል የነበረው «እኛ የሚገባንን አድርገናል፤ የቀረው የእናንተ ነው» ነው። የጨዋታውን ሕግ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ከዚህ በላይ ይሰማል፤ ኳስ ቆሞ አይጠብቅምና መልሱ ፈጥኖ ይፈለጋል። መዝገበ ቃላት የየቃሉን ፍቺ ይሰጠናል፤ እንዲህ ላለው ፈሊጥ ግን ብዙ ጊዜ ፍቺው የሚገኘው በጨዋታው ሕግ ውስጥ ነው። ስለዚህ በመሥሪያ ቤት ደብዳቤና በስብሰባ ላይ ከሚያጋጥሙን ጥቂቶቹን ከነሕጋቸው እንመልከት። ቃላቱን በሬዲዮ እንዳሰማኋቸው ሁሉ፥ እዚህም እንደ አነባበባቸው በፊደላችን ጽፌአቸዋለሁ።

ብዙ ፈሊጥ ካበረከቱት ጨዋታዎች አንዱ ቡጢ ነው። የጥንቱ የእንግሊዝ ቡጢ ዙሩ በደቂቃ የተወሰነ አልነበረም። በ1838 ዓ.ም. በወጣው የለንደን ደንብ (ዘመኑን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) አንድ ዙር የሚያልቀው ከሁለቱ አንዱ ሲወድቅ ነበር። የወደቀው ሰው 30 ሴኮንድ ይሰጠዋል፤ ረዳቶቹም ያነሡታል። ከዚያ በኋላ ግን በ8 ሴኮንድ ውስጥ፥ ማንም ሳይደግፈው፥ በመድረኩ መካከል ወደ ተጫረው መሥመር መድረስ ነበረበት። መሥመሩ «ስክራች» ይባላል፤ ከዚያ መድረስ ያልቻለ ተሸነፈ። በ1867 ዓ.ም. የወጣው የኵዊንስበሪ ደንብ ዙሩን በ3 ደቂቃ፥ ዕረፍቱን በ1 ደቂቃ ወሰነው። ዛሬ በቡጢ መድረክ ላይ ያ መሥመር የለም፤ አነጋገሩ ግን አለ። ስለ አንድ ዘገባ ወይም ስለ አንድ ዕቃ «ኖት አፕ ቱ ስክራች» ተብሎ የተጻፈ እንደ ሆነ፥ ከሚፈለገው መጠን አልደረሰም ማለት ነው እንጂ ተቧጨረ ማለት አይደለም። በዕቃ ግዢ ክፍል ያላችሁ ይህን ልብ በሉ፤ የተቧጨረ ዕቃና ጥራቱ የጐደለ ዕቃ በአንድ ዐይነት ደብዳቤ አይመለሱም። «ፍሮም ስክራች» ሲባል ደግሞ መሥመሩ ሌላ ነው። ይህኛው በሩጫ ውድድር ምንም ቅድሚያ ያልተሰጠው ሯጭ የሚነሣበት መሥመር ነው፤ ትርጕሙም ከባዶ መጀመር ነው።

በመድረኩ ማእዘን የቆመው ረዳት ሰውየው መቋቋም እንዳቃተው ሲያይ ፎጣ ይወረውርለታል። «ስሮው ኢን ዘ ታወል» ከዚህ የመጣ ሲሆን ተስፋ ቈርጦ መተው ማለት ነው። በቀድሞው ዘመን የሚወረወረው ስፖንጅ ነበር። «ቢሎው ዘ ቤልት» ከቀበቶ በታች የተሰነዘረ ምት ነው፤ በክርክር ላይ ጉዳዩን ትቶ የሰውን ገበና የሚያነሣ ተናጋሪ ይህ ይባልበታል።

ክሪኬት ለአብዛኞቻችን እንግዳ ጨዋታ ነው። ቢሆንም «ኢት ኢዝ ኖት ክሪኬት» ሲባል፥ የተጻፈ ሕግ ባይጣስ እንኳ ጨዋነት የጐደለው ሥራ ነው ማለት እንደ ሆነ ያገራችን ሰው ቶሎ ይረዳዋል፤ በገና ጨዋታ ጌታ በሎሌው ቢመታ እንዳይቆጣ የሚያግደው ደንብም በየትም አልተጻፈምና። ጥንቃቄ የሚያሻው «ኦፍ ሂዝ ኦውን ባት» የሚለው ነው። «ባት» እዚህ የኳስ መምቻው ዱላ ነው፤ የሌሊት ወፍም በዚሁ ስም ስለምትጠራ አያሳስታችሁ። ተጫዋቹ በገዛ ዱላው ያስገኘው ነጥብ እንደ ማለት ሆኖ፥ ማንም ሳያዘው በራሱ ሐሳብ አደረገ ማለት ነው። አለቃ ይህን ስለ ሠራተኛው ሲጽፍ እያመሰገነ ይሁን እየወቀሰ የሚታወቀው ከሚቀጥለው ዐረፍተ ነገር ነው፤ እርሱን ሳታነቡ አትደሰቱ። የእግር ኳስ ወዳጆች የምንወደው «ሀትሪክ»ም የክሪኬት ልጅ ነው። በ1858 ዓ.ም. በሼፊልድ ከተማ ስቲፈንሰን የተባለ ተጫዋች በሦስት ተከታታይ ኳሶች ሦስት ሰዎችን ስላስወጣ፥ ገንዘብ ተዋጥቶ ባርኔጣ ተገዛለት፤ «ሀት» ባርኔጣ ነውና።

«ዳርክ ሆርስ»ን ጥቁር ፈረስ ብሎ መተርጐም ያስታል። ነገሩ ስለ መልኩ ሳይሆን ችሎታው ስለ ተሰወረ ፈረስ ነው። በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ዲዝራኤሊ በ1831 ዓ.ም. ባሳተመው ልብ ወለድ ውስጥ፥ ማንም ያላሰበው እንዲህ ያለ ፈረስ ቀድሞ ሲያልፍ ይታያል። በ1844 ዓ.ም. በአሜሪካ ጄምስ ፖልክ ሳይጠበቅ የፓርቲው እጩ ሆኖ ፕሬዚዳንትነቱን ባገኘ ጊዜ ይኸው ስም ተሰጠው።

አሜሪካኖች ደግሞ ከቤዝቦል ይቀዳሉ። «ቦልፓርክ ፊገር» ስጡን ቢሉ ግምት ስጡን ማለታቸው ነውና ሳንቲሙን በመቍጠር መልሱን አታዘግዩ። ከእነርሱ የመጣውንም እንዲህ ያለ ቍጥር በውል ውስጥ አታስገቡ።

እነዚህን ሁሉ ማወቅ ይገባል እላለሁ፤ በራሴ ደብዳቤ ግን ከቶ አልጽፋቸውም። የክሪኬቱ ቃል አሜሪካዊውን፥ የቤዝቦሉም እንግሊዛዊውን ግራ ሊያጋባ ይችላል፤ የእኛ ደብዳቤ ደግሞ ፈረንሳይኛ ወይም ዐረብኛ ተናጋሪ እጅ የሚገባበት ጊዜ ብዙ ነው። ያ የኳስ ነገር ከዓመታት በኋላ እንደ ገና በጠረጴዛዬ ላይ ሲመጣ «ተራው የእናንተ ነው፤ መልሳችሁን ሳትዘገዩ ላኩ» ብዬ ተርጕሜ፥ ፋይሉን በእጄ ይዤ አለቃዬ ዘንድ ገባሁ።

ከመርከበኞች ሥራ የተገኙትን ፈሊጦች ቦታ ስላልበቃን ለሚመጣው ሳምንት አቆይተናቸዋል።