ትሪሎባይት፤ ስለ አርትሮፖዶች አመጣጥ በድንጋይ የተጻፈ ታሪክ

በምድራችን ላይ ከሚኖሩት እንስሳት መካከል በዓይነት ብዛት አንደኛ የሆነው ወገን የትኛው ነው ተብሎ ቢጠየቅ ብዙ ሰው ዓሣን ወይም ወፍን ይጠራ ይሆናል። ትክክለኛው መልስ ግን ከእግራችን ሥር የሚርመሰመሰው ነው። ንብ፣ አንበጣ፣ ጉንዳን፣ ቢራቢሮ፣ ሸረሪት፣ ጊንጥ፣ ሺህ እግርና ሸርጣን ሁሉም የአንድ ታላቅ ነገድ ልጆች ናቸው። ሊቃውንት ይህን ነገድ አርትሮፖድ ብለው ይጠሩታል፤ ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን ትርጓሜውም «ባለ መገጣጠሚያ እግር» ማለት ነው። እስከ ዛሬ ስም ከወጣላቸው የእንስሳት ዓይነቶች ከሦስት አራተኛ የሚበልጡት የዚህ ነገድ ናቸው። አጽማቸውም እንደ እኛ ከሥጋ በታች የተሰወረ ሳይሆን፣ እንደ ጦረኛ ጥሩር ከውጭ የለበሱት ቅርፊት ነው።

ይህ ብዙ ነገድ ከየት መጣ? የመጀመሪያዎቹስ ምን ይመስሉ ነበር? ለዚህ ጥያቄ አስቀድሞ ለምስክርነት የሚጠራው ትሪሎባይት የሚባለው፣ ዘሩ ከጠፋ እጅግ ረዥም ዘመን ያለፈው የባሕር እንስሳ ነው። ስለ እርሱ ሲነገር ብዙ ጊዜ «የአርትሮፖዶች ሁሉ አያት» ተብሎ ይሞገሳል። እኛም በዚህ ጽሑፍ ይህ ሙገሳ ተገቢ መሆን አለመሆኑን የድንጋዩን ምስክርነት እያገላበጥን እንመረምራለን። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዘመኑና ስሙ

ትሪሎባይት በድንጋይ ንብርብሮች ውስጥ መታየት የሚጀምረው ካምብሪያን በተባለው ዘመን፣ ከዛሬ 521 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። የመጨረሻዎቹ የጠፉት ደግሞ ከ252 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። እንግዲህ በባሕር ውስጥ የኖረበት ዘመን 270 ሚሊዮን ዓመት ያህል ይሆናል ማለት ነው። ይህ ቍጥር ለአእምሮ የሚከብድ ስለ ሆነ በምናውቀው እንመዝነው። በአፋር ሐዳር በ1974 የተገኘችው ድንቅነሽ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። የትሪሎባይት የመኖሪያ ዘመን ብቻ የድንቅነሽን ዕድሜ ከሰማንያ ጊዜ በላይ ያጥፈዋል።

በአገራችን በትግራይ፣ አንጣሎ በሚባለው የኖራ ድንጋይ ውስጥ የጥንት የባሕር እንስሳት ቅርፊቶች እንደሚገኙ ይታወቃል። ሆኖም በዚያ ድንጋይ ውስጥ ትሪሎባይት ለማግኘት የሚፈልግ ሰው በከንቱ ይደክማል። ያ ድንጋይ በባሕር ወለል የተነጠፈው በጁራሲክ ዘመን ሲሆን፣ የጁራሲክ ዘመን የጀመረው የመጨረሻው ትሪሎባይት ከሞተ ከ50 ሚሊዮን ዓመት ያህል በኋላ ነውና።

ሰዎች ይህን ድንጋይ ያወቁት ሳይንስ ከመስፋፋቱ በፊት ነው። በአሜሪካ ዩታ በሚባለው አገር የጥንት ነዋሪዎች ትሪሎባይትን በስተው እንደ ክታብ በአንገታቸው ያስሩት ነበር። በ1698 ኤድዋርድ ሉይድ የተባለው የዌልስ ሊቅ አንድ ትሪሎባይት አግኝቶ የጠፍጣፋ ዓሣ አጽም መሰለው። በ1771 ጀርመናዊው ዮሐን ዋልክ ዛሬ የሚጠራበትን ስም አወጣለት። ትሪሎባይት ማለት «ሦስት ክፍል ያለው» ማለት ነው፤ ጀርባው ከራሱ እስከ ጭራው በሁለት ቦዮች ተከፍሎ የመካከል፣ የቀኝና የግራ ክፍል አለውና። ከፊት ወደ ኋላ ሲታይም እንደዚሁ ሦስት ነው፤ እነርሱም አንድ ወጥ የሆነው ራስ፣ ብዙ አንጓዎች ያሉት ደረትና አንጓዎቹ የተጣበቁበት ጭራ ናቸው። እስከ አሁን ከ20,000 የሚበልጡ ዓይነቶች ተመዝግበዋል። ከእነርሱ ውስጥ እንደ ምስር ፍሬ የሚያንሱ አሉ፤ በካናዳ ማኒቶባ የተገኘውና በ2003 የተገለጸው አንዱ ግን 72 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል።

ስለ ምን ብዙ ሆኖ ተገኘ?

እንስሳ ሲሞት ብዙውን ጊዜ በስብሶ ይጠፋል። የትሪሎባይት ቅርፊት ግን ካልሳይት በሚባለው፣ የኖራ ድንጋይ በተሠራበት ማዕድን የጠነከረ ስለ ነበር በጭቃ ተቀብሮ ለመቆየት ተመቸው። ሁለተኛውም ምክንያት አስገራሚ ነው። አንበጣ ሲያድግ አሮጌውን ቅርፊት ጥሎ በአዲስ እንደሚወጣ ሁሉ፣ ትሪሎባይትም ባደገ ቍጥር ቅርፊቱን እየሰነጠቀ ይወጣ ነበር። ስለዚህ አንድ እንስሳ በሕይወቱ ዘመን ብዙ ቅርፊት ይተውልናል። በየሙዚየሙ ከምናየው ትሪሎባይት ብዙው ሬሳ ሳይሆን የተጣለ ልብስ ነው ማለት ይቻላል።

ይህም ሌላ ጥቅም አስገኘ። በቦሄሚያ፣ በዛሬይቱ ቼክ፣ ዕድሜውን በሙሉ ያህል በዚህ ጥናት ያሳለፈው ፈረንሳዊው ዮአኪም ባራንድ የአንድ ዓይነት ትሪሎባይትን ቅርፊቶች ከትንሹ እስከ ትልቁ በተራ ደርድሮ አሳየ። ሕፃኑ ከአንዲት ቁራጭ የማይበልጥ ነበር፤ ቅርፊቱን በጣለ ቍጥር ከጭራው በኩል አንጓ እየተጨመረለት ደረቱ ይረዝማል። አንጓን እየደጋገሙ መሥራት የአርትሮፖዶች ሁሉ የአካል ሥርዓት ስለ ሆነ፣ ይህ ሥርዓት ምን ያህል ጥንታዊ እንደ ሆነ የሕፃናቱ ቅርፊት ይመሰክራል።

የእግሮቹ ምስጢር

ለብዙ ጊዜ ሊቃውንቱን ያስቸገራቸው እግሩ ነበር። ቅርፊቱ ጠንካራ ሲሆን እግሩ ለስላሳ ስለ ነበር አብሮ አይገኝም። እግሩ ሳይታይ ደግሞ የማን ወገን እንደ ሆነ መፍረድ አይቻልም። ይህን ችግር መፍታት የጀመረው ቻርልስ ዋልኮት ነው። ዋልኮት በወጣትነቱ በኒው ዮርክ ግዛት በእርሻ ላይ እየሠራ ድንጋይ ይሰበስብ ነበር፤ በዩኒቨርሲቲ ተምሮ ያገኘው ዲግሪም አልነበረውም። ትሪሎባይት ጠላት ሲመጣበት ሺህ እግር ሲነካ እንደሚጠቀለል ይጠቀለል ነበርና፣ እግሮቹ ከውስጥ ታቅፈው ቀርተው እንደ ሆነ ብሎ እንዲህ ያሉትን ድንጋዮች በስሱ እየመተረ መረመረ። በ1876ም የእግሮቹን ምልክት ማግኘቱን አስታወቀ። ይኸው ሰው ኋላ ስሚዝሶኒያን የተባለው ታላቅ የአሜሪካ ተቋም ዋና ኃላፊ ለመሆን በቃ።

በ1893 ደግሞ የየል ዩኒቨርሲቲው ቻርልስ ቢቸር በኒው ዮርክ ከተገኘ ቦታ የመጡትን ትሪሎባይቶች መርምሮ የበለጠ ግልጥ የሆነ ማስረጃ አቀረበ። እነዚህ እንስሳት እግራቸውና አንቴናቸው ሳይቀር ፓይራይት ወደሚባለው፣ ብረትና ድኝ ተዋሕደው ወርቅ ወደሚመስሉበት ማዕድን ተለውጠው ነበር።

የተገኘውም ነገር እንደሚከተለው ነው። ትሪሎባይት ከፊቱ አንድ ጥንድ አንቴና አለው። ከዚያ በኋላ ከራሱ ሥር እስከ ጭራው ድረስ ያሉት እግሮች ከመጠናቸው በቀር ሁሉም ይመሳሰላሉ። እያንዳንዱ እግር ሁለት ቅርንጫፍ አለው፤ የውስጠኛው ለመራመድ ነው፤ በውጪ ያለው ደግሞ እንደ ላባ የተሰነጣጠቀ ሲሆን፣ በ2021 የወጣ ጥናት እንዳስረዳው እንደ ዓሣ ስንጥብ ለመተንፈስ ያገለግል ነበር። የተለየ መንጋጋ ስላልነበረው ምግቡን የሚያደቀው በእግሮቹ ሥር ባሉት ሾህ መሰል ነገሮች ነው።

አሁን ይህን ከዛሬዎቹ ጋር እናስተያየው። ሸርጣን አንዱን እግር መቆንጠጫ፣ አንዱን መንጋጋ፣ ሌላውን መራመጃ አድርጓል። ንብም አፏና እግሯ የየራሳቸው ሥራ አላቸው። ነገሩ የባላገርና የከተማ ኑሮ ይመስላል፤ በባላገር አንዱ ሰው ራሱ አራሽ፣ ራሱ ቤት ሠሪ፣ ራሱ እረኛ ሲሆን፣ በከተማ ግን እያንዳንዱ በየሙያው ይለያል። የትሪሎባይት እግሮች ሁሉም ሁሉን የሚሠሩ ነበሩ። ከዚህም የምንማረው፣ ጥንታውያን አርትሮፖዶች ተመሳሳይ እግሮችን ደጋግመው ይዘው እንደ ነበርና የሥራ ክፍያው ኋላ በየወገኑ እንደ መጣ ነው።

ይህ ምርመራ ዛሬም አላቆመም። በ2023 በቼክ አገር የተገኘ፣ 465 ሚሊዮን ዓመት የሚሆነው ትሪሎባይት በልቶት የነበረው ምግብ በሆዱ ውስጥ ታየ፤ የጥቃቅን የባሕር እንስሳት ስብርባሪ ቅርፊት ነበር። በ2024 ደግሞ በአፍሪካችን በሞሮኮ፣ ከ508 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በእሳተ ገሞራ አመድ በድንገት የተቀበሩ ትሪሎባይቶች ተገልጸዋል። አመዱ እንደ ቅርጽ ማውጫ ስለ ያዛቸው ከአፋቸው ላይ ያለው ለስላሳ ከንፈር እንኳ ሳይቀር ታይቷል።

ዐይኑ

ትሪሎባይት በሚገባ ከሚታወቁት ዐይኖች ሁሉ እጅግ ጥንታውያን ከሆኑት አንዱን ይዞ ይገኛል። ዐይኑ እንደ ዝንብ ዐይን ከብዙ ሌንሶች የተሠራ ነው፤ በአንዳንዶቹ ሌንሱ በሺህ ይቈጠራል። አብዛኞቹ ሊቃውንት እንደሚሉት ሌንሶቹም እንደ ቅርፊቱ ከካልሳይት የተሠሩ ነበሩ፤ ስለዚህ በድንጋይ ዐይን ያይ ነበር ማለት ነው። ነገር ግን ከትሪሎባይቶች መካከል ዐይናቸው ጨርሶ የጠፋ ዓይነቶችም አሉ፤ ብርሃን በማይደርስበት ስፍራ ዐይን ለባለቤቱ አይጠቅምምና። ይህም ዝግመተ ለውጥ ሁልጊዜ እየጨመረ ብቻ የሚሄድ መንገድ ሳይሆን፣ የማያስፈልገውንም የሚጥል መሆኑን ያሳያል።

ዳርዊንን ያስጨነቀው ጥያቄ

ከዚህ ላይ ከሁሉ የሚከብደው ነገር ይመጣል። የመጀመሪያዎቹ ትሪሎባይቶች ሲታዩ ዐይናቸው፣ አንጓቸውና ቅርፊታቸው ተሟልቶ ነው። ለውጥ በጥቂት በጥቂቱ የሚመጣ ከሆነ ከእነርሱ በፊት የነበሩት ወዴት ናቸው? ቻርልስ ዳርዊን ራሱ በ1859 ባሳተመው መጽሐፍ ይህ ለሐሳቡ ከባድ ተቃውሞ መሆኑን ሳይሸሽግ ጽፏል። ትሪሎባይቶች ከእነርሱ እጅግ ቀድሞ ከኖረ አንድ ወላጅ መምጣታቸውን ቢያምንም፣ የሚያሳየው ማስረጃ በእጁ አልነበረም።

ዛሬ መልሱ ሙሉ ባይሆንም ብዙው ተገኝቷል። አንደኛ፣ ከመጀመሪያው የትሪሎባይት ቅርፊት በታች ባሉት ንብርብሮች ውስጥ በእግር የተጫረ የጭቃ ላይ ዱካ ይገኛል። ባለ እግሮቹ ነበሩ፤ የጠነከረ ቅርፊት ግን ገና አልለበሱም ነበር። ሁለተኛ፣ ለስላሳ አካል ሳይበሰብስ የቀረባቸው ሁለት ታላላቅ ስፍራዎች ተገኝተዋል። አንደኛውን፣ በካናዳ ያለውን በርጀስ፣ ያው ዋልኮት በ1909 አገኘው፤ ሁለተኛው በቻይና ዩናን የሚገኘውና በ1984 የታወቀው፣ 518 ሚሊዮን ዓመት የሚሆነው ቸንጂያንግ ነው።

ከእነዚህ ስፍራዎች ከተገኙት ውስጥ አኖማሎካሪስ የሚባለውን ብቻ እንመልከት። በመጀመሪያ ክንዱ ለብቻው ተገኝቶ እንደ ሽሪምፕ ያለ እንስሳ ነው ተባለ፤ ከእርሱ ወገን የሆነ እንስሳ ክብ አፍም ለብቻው ተገኝቶ ጄሊፊሽ ነው ተባለ። የክንዱና የአፉ ባለቤት አንድ መሆኑን በ1985 ሃሪ ዊቲንግተንና ዴሬክ ብሪግስ አስረዱ። አኖማሎካሪስ እንደ አርትሮፖድ ባለ መገጣጠሚያ ክንድና ብዙ ሌንስ ያለው ዐይን አለው፤ ዳሩ ግን ገላው ለስላሳ ነው፤ የሚራመድበት ባለ መገጣጠሚያ እግርም የለውም። ከእርሱም የሚቀድም ጠባይ የያዙ፣ እንደ ትል ረዝመው መገጣጠሚያ በሌለው ልስልስ እግር የሚሄዱ እንስሳት በዚያው ድንጋይ ይገኛሉ። እነዚህን በተራ ብናቆማቸው መጀመሪያ ልስልስ እግር፣ ቀጥሎ ባለ መገጣጠሚያ ክንድ፣ በመጨረሻም በሙሉ የጠነከረ አካልና እግር እናያለን። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረታችን እዚህ ላይ በእውነት ደረሰ ያሰኛል።

«እነዚህ ከትሪሎባይት ጋር በአንድ ዘመን ከኖሩ እንዴት ቀዳሚዎቹ ይሆናሉ?» የሚል ጠያቂ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እነርሱ ራሳቸው የትሪሎባይት ወላጆች አይደሉም፤ ቀድመው ከተለዩ ቅርንጫፎች የተረፉ ናቸው። በአንድ መንደር የልጅ ልጆች ተወልደው ሳሉ አሮጊት አክስት በሕይወት ልትኖር እንደምትችል፣ የጥንቱን መልክ የጠበቁትም አዲሱ ከመጣ በኋላ ኖረዋል።

ፍርዱ

እንግዲህ ትሪሎባይት የአርትሮፖዶች አያት ነውን? አይደለም። ዛሬ ካሉት ውስጥ ከእርሱ የተወለደ አንድ እንኳ የለም። ይልቁንም ከነገዱ ግንድ በጥንት ከወጡት ቅርንጫፎች አንዱ ነው። ቅርንጫፉ ከሸረሪትና ከጊንጥ ወገን ይቀርባል የሚሉ አሉ፤ ከሸርጣንና ከነፍሳት ወገን ይቀርባል የሚሉም አሉ፤ ክርክሩም አልተቋረጠም። በዘመድ አቈጣጠር ብንናገር አያት ሳይሆን ዘር ሳይተካ የሞተ የአያት ወንድም ነው። ቢሆንም የአያትን መልክ ለማወቅ የፈለገ ልጅ የአያቱን ወንድም ፎቶግራፍ ቢያይ ብዙ ይማራል፤ የትሪሎባይትም ጥቅም ይኸው ነው።

የአሟሟቱም ነገር ሊታሰብበት ይገባል። ከ252 ሚሊዮን ዓመት በፊት በሳይቤሪያ የፈሰሰው እጅግ ሰፊ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ አየሩንና ባሕሩን አናግቶ አብዛኛውን የባሕር ፍጥረት ሲያጠፋ፣ ቀድሞውኑ ተመናምኖ የነበረው የትሪሎባይት ዘር አብሮ አለቀ። 270 ሚሊዮን ዓመት መኖር ለነገ ዋስትና አልሆነውም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች፤ ሉይድ ዓሣ ያለውን፣ ሌሎች ሽሪምፕና ጄሊፊሽ ያሉትን፣ በኋላ የመጡት እንደ ገና አይተው አቀኑት። በሳይንስ የፊተኛውን ስሕተት ማረም የፊተኛውን ማዋረድ አይደለም፤ ሥራውን መቀጠል ነው። ዋልኮትም የጀመረው በአካባቢው ያለውን ድንጋይ በትዕግሥት በመመልከት ነው። እኛም በመንገዳችን ላይ ያለውን ድንጋይ ከመርገጣችን በፊት ጎንበስ ብለን ብናየው የሚነግረን ነገር አይጠፋም።