የወንጪ ሕፃናትና ያለ መምህር የተደረገ ፈተና

ከአምቦ ወደ ወሊሶ የሚወስደውን የተራራ መንገድ ይዞ የሄደ መንገደኛ ከወንጪ ሐይቅ አፋፍ ይደርሳል። በሐይቁ ደሴት ላይ የቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስለሚገኝ፣ ከአንባብያን አንዳንዶቹ ስፍራውን ለመሳለም ሄደው ያውቁት ይሆናል። በዚሁ አፋፍ በ2004 ዓ.ም. የተደረገውን ነገር ግን የሰሙት ጥቂቶች ናቸው፤ ስለዚህም ልጆቻቸውን ወደ ትምህርት ቤት ለሚልኩ ወላጆች ልንተርከው ወደድን።

ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የተባሉ አሜሪካዊ የመሠረቱት «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተሰኘው ድርጅት፣ በወንጪና በስምጥ ሸለቆ ባለች ሌላ መንደር፣ ትምህርት ቤት ገብተው ለማያውቁ አርባ ያህል ሕፃናት ታብሌት አደለ። ለአዋቂዎቹ በፀሐይ ኀይል እንዴት እንደሚሞላ ብቻ ተነገራቸው። ለልጆቹ ግን ሣጥኑ እንደ ታሸገ ተሰጣቸው፤ መምህርም አልተመደበላቸውም። ኔግሮፖንቴ በጥቅምት ወር 2005 ዓ.ም. በአንድ ጉባኤ ላይ እንደ ተናገሩት፣ አንዱ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ሣጥኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ፤ በአምስት ቀን ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ በቀን 47 ፕሮግራም ይከፍት ጀመር፤ በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛውን ፊደል በዜማ አሉት፤ በአምስት ወርም ተዘግቶባቸው የነበረውን ፎቶግራፍ ማንሻ ራሳቸው ከፈቱት።

ወሬው በዓለም ሁሉ እንደ ተአምር ተነገረ። እኛን ግን ይበልጥ የሚያሳስበን የመዛኙ ሥራ ነው። በየሳምንቱ አንድ ባለሙያ ወደ መንደሩ እየወጣ ከመሣሪያዎቹ የማስታወሻ ካርዱን አውጥቶ ሌላ ይተካ ነበር። ልጁ ምን እንደ ነካ፣ መቼ እንደ ነካ፣ ስንት ጊዜ እንደ ቆየበት ሁሉ በካርዱ ላይ ተጽፎአል፤ ይህንንም ተመራማሪዎች በባሕር ማዶ ሆነው ያነቡት ነበር። ሕፃኑ ሳያውቀው በየቀኑ ይፈተናል ማለት ነው። ፈተና የሚፈራ ልጅ ላለው ወላጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ነገር ግን 47 ፕሮግራም በቀን መክፈት ትምህርት ነውን? በክፍል ውስጥ 47 ነገር በአንድ ቀን የሚነካካ ልጅ ቢኖር፣ እኛ መምህራን የምንሰጠው ስም ሌላ በሆነ ነበር። ካርዱ የጣቱን መንገድ ይመዘግባል፤ በልቡ የቀረውን ግን ጠይቆ የሚሰማ ሰው ያስፈልጋል። ከልጆቹ አንዱ የእንስሳት ሥዕል ካየ በኋላ የመሳያውን ሰሌዳ ከፍቶ አንበሳ የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ጻፈ ተብሎአል። እጅግ ደስ የሚያሰኝ ነው። ሆኖም አንበሳ በልጁ አገር ቋንቋ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ ሌንጫ ይባላል፤ በቁቤ ሲጻፍም የሚጀምረው በዚያችው በላቲን ፊደል ነው። ፊደሉን አንድ ጊዜ ካገኘ የእናቱንም ቋንቋ ሊጽፍበት ይችል ነበር፤ መሣሪያው ግን የሚናገረው እንግሊዝኛ ብቻ ነበርና ይህን ሊጠይቀው አልቻለም።

ከዚያ አስቀድሞ፣ በ1997 ዓ.ም.፣ ፕላዝማ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ የታየው ጉድለት ከዚህም የባሰ ነበር። በሳተላይት የሚመጣው አስተማሪ በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፤ ጥቂት ሰከንድ ዝም ይላል፤ ከዚያም መልሱን ራሱ ተናግሮ ያልፋል። በግንጪ ወይም በጉደር የተቀመጠው ተማሪ መለሰ አልመለሰ፣ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

የቄስ ትምህርት ቤት ሥርዓት በዚህ ረገድ የተሻለ ነበር። የኔታ እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው ያሰማሉ፤ ቁጥሩን ያላጠና ወደ ንባብ አይሻገርም፤ ንባቡ ያልቀናም ዳዊት አይጀምርም። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን የተደረገው የንባብ ምዘናም፣ ዘዴው ሲታይ፣ የየኔታ ሥራ ነው፤ ፈታኙ ከአንድ ልጅ ጋር ተቀምጦ በአንድ ደቂቃ ስንት ቃል እንዳነበበ ይቈጥራል። ውጤቱ ግን አስደንጋጭ ነበር፤ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም።

ይህ ሳይታወቅ የቀረበት ልጅ ዐሥር ዓመት ቆይቶ ወደ 12ኛ ክፍል ፈተና ይደርሳል። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ። በዚሁ በ2016 ዓ.ም. ከተፈታኞቹ ከፊሎቹ በኮምፒዩተር ተፈትነዋል። በ2008 ዓ.ም. ፈተናው አስቀድሞ ወጥቶ መሰረዙን ለሚያስታውስ ሰው፣ ምስጢር የሚጠብቅ መሣሪያ ማግኘት መልካም ነው። ዳሩ ግን የዐሥራ ሁለት ዓመት ጉድለት በመጨረሻው ቀን ቢታወቅ፣ ለዚያ ተማሪ የሚያደርግለት ነገር እምብዛም የለም።

መሣሪያ ከመምህሩ ጋር ሆኖ በጊዜው ቢሠራ ግን ይጠቅማል። በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ አንድ መምህር ሁሉን በየቀኑ ማስነበብ አይችልም። በየቤቱ ያለው ስልክ ግን ድምፅ ይቀዳል፤ ደቂቃም ይቈጥራል። በመስከረም ልጁን አንድ ደቂቃ አስነብቦ መቅዳት፣ በጥርም እንደገና ቀድቶ ሁለቱን ለመምህሩ ማሰማት፣ ማንም ወላጅ፣ ፊደል ያልቈጠረም ቢሆን፣ ሊያደርገው የሚችል ነው። ገጹ ግን ልጁ ከዚህ በፊት ያላየው፣ በሚማርበትም ቋንቋ የተጻፈ ይሁን፤ በቃሉ ያጠናውን ከሆነማ መጽሐፉን ገልብጦ ይዞም ያነበንበዋል።