የዒድ ልብሳችንን ማን ሸመነው?



ጨንቻ ላይ ያስተማረ ሰው ከመስቀል በኋላ ያለውን ሳምንት ያውቀዋል። በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳና አካባቢው በሽመና የሚተዳደሩ የጋሞ ተወላጆች ለበዓሉ ወደ አገራቸው ይመጣሉ፤ ሲመለሱ አንዳንዶቹ ብቻቸውን አይመለሱም። እኛ መምህራን ስም ስንጠራ «አቤት» የማይሉ ልጆች ይኖራሉ። ጉም በመስኮት በሚገባበት በዚያ ብርዳም ክፍል ውስጥ ባዶ የቀረ መቀመጫ ቶሎ ዓይን ውስጥ ይገባል።

በአንድ ዓመት ከጎደሉት መካከል በሒሳብ ጎበዝ የነበረ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር። ቤቱ ሄደን አባቱን ጠየቅናቸው። ዘመድ እንደወሰደው፣ ቀን እየሸመነ ማታ እንደሚማር ቃል እንደተገባላቸው፣ ለቤቱም በዓመት ጥቂት ገንዘብ እንደሚላክ ነገሩን። ከዚያም «መምህር፣ እዚህ ቢቀር ምን ላበላው?» አሉን። መልስ አልነበረንም።

ጉዳዩን ከዐስር ሶላት በኋላ ለምናስተምራቸው ወጣቶች ስናነሳ አንዱ፣ «ኡስታዝ፣ ልጁ እኮ ሙስሊም አይደለም። የራሳችንን ችግረኛ መች ደረስንለት?» አለ። ጥያቄው ክፋት አልነበረበትም። በጨንቻ ሙስሊሞች ጥቂቶች ነን፤ አቅማችንም ውስን ነው። ሆኖም ሱረቱል ማዑንን ከፍተን አብረን አነበብን። ሱራው የቲምን የሚገፋውንና ድኃን ለማብላት የማይገፋፋውን ይወቅሳል፤ እየሰገዱ ትንሿን የቤት ዕቃ እንኳ ለጎረቤት የሚነፍጉትንም ያስጠነቅቃል። የየቲሙ ሃይማኖት እዚያ አልተጠየቀም። ሱረቱል ሙምተሒናህም በአንቀጽ 8 በሃይማኖታቸው ምክንያት ላልተዋጉን ሰዎች በጎ መዋልንና ፍትሕ ማድረግን አላህ (ሱ.ወ.) እንደማይከለክለን ይነግረናል። ወጣቱ ዝም ብሎ ቆየና፣ «እንግዲያው ከየት እንጀምር?» አለ።

የጀመርነው ከራሳችን ልብስ ነው። ለዒድ ለአባት ጋቢ፣ ለእናት ነጠላ ያልገዛ ማን አለ? ገበያ ላይ ስንከራከርስ «ቀንሱልን እንጂ» ያላልን ማን አለ? (ይህን ጸሐፊዎቹም ብለናል፤ ርካሽ ያገኘን ዕለት ደስ ብሎን ቤት ገብተናል።) መከራከር ሐራም አይደለም። ነገር ግን የተቀነሰችው ብር ከማን እጅ እንደወጣች ጠይቀን አናውቅም ነበር።

ሽመና ቀላል ሥራ አይደለም። ሸማኔው በጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን ወደ ውስጥ ይሰድዳል፤ መርገጫውን እየረገጠ ማጉን በድሩ መካከል ይወረውራል። ጥለት ሲሆን ደግሞ ፈትሉን አንድ በአንድ መቁጠር አለ። ለዚህ ደቃቃ ጣትና ጥሩ ዓይን ይመቻል፤ ልጅ የሚፈለገውም ከምግቡ በቀር ብዙ ስለማይጠይቅ ነው። በአሜሪካ የሥራ ሚኒስቴር ዝርዝር ውስጥ የአገራችን የእጅ ሽመና የሕፃናትና የግዳጅ ጉልበት ካለባቸው ምርቶች ጋር ተመዝግቧል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት ከጉልበት ብዝበዛ እንዲጠበቁ ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውንም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ማሠራት አይቻልም። «ዘመዴ ነው» የምትለዋ ቃል ግን ሕጉን ከደጅ ታስቀረዋለች።

ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የተላለፈው ትምህርት የሠራተኛ ክፍያ ላቡ ሳይደርቅ እንዲሰጠው ያዛል። አሠርቶ የከለከለውን ሰው በቂያማ ቀን የሚከስሰው አላህ (ሱ.ወ.) ራሱ መሆኑም በቡኻሪ ዘገባ ተነግሯል። እንግዲህ ልብሱን ለብሰን ለዒድ ሶላት ስንሰለፍ ይህን ማሰብ አይገባንም?

ይህን ስንል ሽመናን መንቀፋችን እንዳይመስል። ነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ.) ጥሩር ይሠሩ ነበር፤ ነቢዩ ዘከሪያ (ዐ.ሰ.) አናጺ ነበሩ። የነቢያችን ባለቤት ዘይነብ ቢንት ጀሕሽ (ረ.ዐ.) ቆዳ እያለፉና እየሰፉ ያገኙትን ለድኃ ይሰጡ ነበር። በአገራችን ግን ቆዳ ፋቂ፣ ሸክላ ሠሪና ሸማኔ ሲናቅ ኖሯል፤ በጋሞ ደጋም ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው ከሌላው ጋር እንዳይጋባ ተደርጎ ቆይቷል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መሳደብ የሚከለክል ዐዋጅ እስከማስነገር ደርሰው ነበር። እኛ ሙስሊሞች ደግሞ ይህን ንቀት በወሬ አይደለም የምናውቀው፤ በብዙ ቦታ መሬት ተከልክለው በንግድና በሽመና የኖሩት አያቶቻችን ናቸው። በጎንደር አዲስ ዓለም የነበሩት ሸማኔዎች እነማን ነበሩ?

የቤታችንን ወጪ የመቀነሱን ሐሳብ ያመጡት አንዲት እናት ናቸው። «በየዒዱ አዲስ ነጠላ ምን ያደርግልናል? ነቢያችን ልብሳቸውን ራሳቸው ይጥፉ አልነበረምን?» አሉ። በመጨረሻ አሥር ያህል ቤተሰቦች ተስማማን፤ አዲስ ልብስ በሁለት ዒድ አንዴ፣ የሚገዛውም ጎልማሳ ሸማኔ ዘንድ ቀጥታ ሄዶ፣ ያለ ቅነሳ። የተረፈው ገንዘብ ወደ ሰደቃ ሣጥን ይገባል። ዘካ የሚገባቸው ስምንት ወገኖች በሱረቱ ተውባ አንቀጽ 60 ስለተዘረዘሩ ያንን ገንዘብ አልነካንም፤ ሰደቃ ግን ሙስሊም ላልሆነ ጎረቤትም በሩ ክፍት ነው። ከሣጥኑ ደብተርና የፖም ችግኝ ገዛን። ጨንቻ በፖም ታውቃለች፤ የተዳቀለ ችግኝ ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ ማፍራት ይጀምራል። ተክል የተከለ ሰው ከፍሬው ሰውም ወፍም በበላ ቁጥር ሰደቃ እንደሚጻፍለት የምናውቅ ሰዎች ለዚህ ብዙ ማስረጃ አላስፈለገንም። ችግኝ ግን ነገ እንጂ ዛሬ አያበላም፤ ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ወራት እህልም አክለናል።

አባትየውን ለማሳመን የጋሞ አባቶችን ይዘን ሄድን። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ ወገኖቻቸው ከተገደሉ በኋላ ለበቀል የተቆጣውን የአርባ ምንጭ ወጣት፣ እርጥብ ሳር በእጃቸው ይዘው ተንበርክከው የመለሱት እነዚህ ሽማግሌዎች መሆናቸውን አገር ያውቃል። የእኛን ጉዳይ በአንድ ከሰዓት ጨረሱት። ከአባትየው ጋር እየተነጋገሩ ሳለ የወሰደው ዘመድም በስልክ ተጠራ፤ ማንም አልተሰደበም።

ልጁ በጥር መጣ። ከክፍል ጓደኞቹ ወደ ኋላ ቀርቷል፤ ከትምህርት በኋላ ከአባቱ ጋር ድር ይደውራል፤ መሸመኑንም ይወደዋል።

በዚህ ዓመትም ከመስቀል በኋላ ሁለት ስሞች ያለ መልስ ቀርተዋል። ወደ አንደኛው ልጅ አባት ዘንድ ሽማግሌዎቹ በሚመጣው ቅዳሜ ሊሄዱ ተስማምተዋል። የሁለተኛው ልጅ ያለበትን ሰፈር ገና እያጠያየቅን ነው።