ቀዩ መብራት አልጠፋ ሲል



ከመርጡለ ማርያም ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ መኪና ደብረ ወርቅንና ቢቸናን አልፎ ደጀን ሲደርስ የዓባይ በረሃ ከፊቱ ይከፈታል። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ነጂው ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ወንዙን ከተሻገረ በኋላ ያንኑ ያህል ሽቅብ ይወጣል። በዚያ ቁልቁለት ላይ በመኪናው ያሉት ሰዎች ሕይወት በፍሬኑ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ በአሮጌ የገጠር መኪናዎች ላይ ደጋግሞ ስለሚያስቸግር አንድ ነገር፣ ይኸውም በርቶ አልጠፋ ስለሚለው ቀይ የፍሬን መብራት ልናስረዳችሁ እንወዳለን።

አንዳንድ ነጂ ፍሬኑ የሚይዝለት ስለ መሰለው መብራቱን በፕላስተር ይሸፍነዋል፤ ወይም አምፑሉን ነቅሎ ይጥለዋል። ይህ ሌሊት ጮኸብኝ ብሎ የቤቱን ውሻ እንደሚገድል ሰው መሆን ነው። መብራቱ አንድ ቢሆንም የሚናገረው ስለ ብዙ ነገር ነውና መመርመር ያለበት በቅደም ተከተል ነው።

አንደኛ፣ የእጅ ፍሬኑን ተመልከቱ። እጀታው እስከ መጨረሻው ወርዷልን? ከሥሩ ያለችው ትንሽ ማብሪያ በአቧራና በጭቃ ተይዛ ትቀር ይሆናል። ሽቦዋን ስትነቅሉ መብራቱ ከጠፋ ምክንያቱ እዚያው ነው። አጽድታችሁ ወይም ለውጣችሁ ሽቦውን መልሱ።

ሁለተኛ፣ የፍሬን ዘይቱን ዕቃ እዩ። ዘይቱ በሁለቱ መስመሮች መካከል መሆን አለበት። መኪናው ሲታጠፍ ወይም ቁልቁል ሲወርድ ብቻ መብራቱ ብልጭ የሚል ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ዘይቱ ጎድሎ ወዲያና ወዲህ እየተናወጠ ነው። ነገር ግን ጨምሮ መሄድ ብቻ መፍትሔ አይሆንም። የፍሬን ዘይት እንደ ናፍጣ ተቃጥሎ አያልቅም። የጎደለው የፍሬን ሸራው ስላለቀ ነው፣ ወይም የሚያፈስስ ቦታ ስላለ ነው። ስለዚህ ጎማውን አውልቃችሁ ሸራውን ለኩ፤ የቸርኬውን ውስጥ፣ ቱቦዎቹንና የፍሬኑን ማስተር ጀርባ ፈትሹ። የሚጨመረውም በክዳኑ ላይ የተጻፈው ዓይነት ብቻ ይሁን። የሞተር ዘይት ቢገባበት ጎሚኒዎቹ አብጠው ፍሬኑ በሙሉ ይበላሻል።

ሦስተኛ፣ ፍሬናቸው በሁለት መስመር የተከፈለ አንዳንድ አሮጌ ላንድሮቨሮች በሁለቱ መስመሮች መካከል ግፊታቸውን የምታመዛዝን ትንሽ ቫልቭ አለቻቸው። አንደኛው መስመር ግፊት ሲያጣ በውስጧ ያለው ብረት ወደ አንድ ወገን ተገፍቶ መብራቱን ያበራል። ፍሳሹ ከተጠገነ በኋላም ብረቱ ወደ መካከል ካልተመለሰ መብራቱ እንደበራ ይቀራል። ይህ አየሩን ሲያስወጣ ሊያስተካክለው የሚገባ የመካኒክ ሥራ ነው።

አራተኛ፣ በአሮጌ የቶዮታ ናፍጣ መኪናዎች የፍሬኑና የባትሪው መብራት አብረው ከበሩ፣ አስቀድማችሁ ቺንጋውንና ዲናሞውን እዩ። የፍሬን ፔዳሉን ለማቅለል የአየር መሳብ ኀይል ያስፈልጋል፤ የናፍጣ ሞተር ግን ይህን በራሱ ስለማይሰጥ ለብቻው ፓምፕ ይደረግለታል። በአንዳንዶቹ ሞተሮች ይህ ፓምፕ ከዲናሞው ጀርባ የተያያዘ ነው። ቺንጋው ቢበጠስ ባትሪው መሞላቱን ያቆማል፤ ፔዳሉም ጥቂት ከተረገጠ በኋላ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ይህን ለመፈተን ሞተሩን አጥፍታችሁ ፔዳሉን እስኪጠነክር ደጋግማችሁ ርገጡ፤ እግራችሁን ሳታነሡ ሞተሩን አስነሡ። ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ካለ ደህና ነው። ካላለ ፓምፑ፣ ቱቦው ወይም ሴርቮው ጉድለት አለበት።

ደግሞም መብራቱ ጠፍቷል ማለት ሁሉ ደህና ነው ማለት አይደለም። በአብዛኞቹ መኪናዎች ቁልፉ ሲዞር መብራቱ በርቶ ሞተሩ ሲነሣ መጥፋት አለበት፤ ከቶ ካልበራ አምፑሉ ተቃጥሎ ወይም ተነቅሎ ይሆናል። መብራቱ ፈጽሞ የማያውቀው ነገርም አለ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ እንዲቆይ ደንቡ ያዛል፤ እርጥበት ከገባበት በኋላ ግን የሚጠበቅበት 140 ዲግሪ ብቻ ነው። በረጅም ቁልቁለት የጋለ ፍሬን ያረጀውን ዘይት ያፈላዋል፤ እንፋሎቱም ፔዳሉን እስከ ወለሉ ያሰምጠዋል። ያን ጊዜ የሚያስጠነቅቅ መብራት ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ዘይቱ በየሁለት ዓመቱ ይለወጥ፤ ቁልቁለቱንም በከባድ ማርሽ ውረዱ እንጂ እግራችሁን በፍሬኑ ላይ አታሳርፉ።

የፕሮጀክት ሠራተኞች ሆይ፣ መብራቱ በርቶ ፔዳሉ ከላላ፣ ከሰመጠ ወይም ከጠነከረ መኪናው ከቆመበት አይነሣ። ጭነቱ ዘርም ይሁን መድኀኒት፣ በመርጡለ ማርያም አንድ ቀን መዘግየት በዓባይ በረሃ ከመውደቅ ይሻላል። ነጂው «አልሄድም» ሲል ኀላፊው አያስገድደው።

እናንተም በየአጥቢያው ያላችሁ ወገኖች፣ ከመባችሁ ከፊሉ ለፍሬን ሸራ፣ ለቱቦና ለዘይት እንደሚውል ስትሰሙ አይክበዳችሁ። የፍሬን ሸራ እንደ እህል ከረጢት ፎቶግራፍ አይነሣለትም፤ ነገር ግን እህሉን ከተቸገረው ሰው ደጅ በሰላም የሚያደርሰው እርሱ ነው። የኅሊናን ድምፅ ዝም ማሰኘት በደልን እንደማያስቀር ሁሉ፣ መብራቱን መሸፈንም ፍሬኑን አይጠግነውም። በመንገድ ላይ ያሉትን ነጂዎቻችንን በጸሎታችሁ አስቡልን።