ያውቁ ኖሯል? ዶላር በሁሉም አገር እኩል አይገዛም

ዋሽንግተን ያለ ልጅ ለእናቱ የላከው 100 ዶላር አዲስ አበባ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ዋሽንግተን ከሚገዛው የበለጠ ይገዛል። ምክንያቱን ፀጉር ቤት ገብቶ ማየት ይቻላል። የመቁረጫው ማሽን ከውጭ የመጣ ስለሆነ ዋጋው ከአገር አገር ያን ያህል አይራራቅም። የፀጉር አስተካካዩ እጅ ግን ተጭኖ ወደ ውጭ አይላክም፤ ዋጋው የሚተመነው በሰፈሩ ገቢ ነው። ጫማ ማስጠረግም ልብስ ማሰፋትም እንደዚሁ ነው። ሞባይልና የመኪና ጎማ ግን ለድሃ አገር ብለው አይረክሱም።

ይህን ልዩነት አስተካክሎ የሚያነጻጽረው ስሌት «የመግዛት አቅም ተመጣጣኝነት» ይባላል። ስያሜውን እ.አ.አ. በ1918 የሰጠው ስዊድናዊው ኢኮኖሚስት ጉስታቭ ካሰል ነው። «ዘ ኢኮኖሚስት» መጽሔት እ.አ.አ. ከ1986 ጀምሮ የየአገሩን ገንዘብ በቢግ ማክ ሳንድዊች ዋጋ ይመዝናል። ቀላል ዘዴ ነው፤ ማክዶናልድስ ለሌላት ኢትዮጵያ ግን አይሠራም። በዓለም ባንክ የሚመራው ዓለም አቀፍ የዋጋ ንጽጽር ከምግብ እስከ ቤት ኪራይ ብዙ ዕቃና አገልግሎት ስለሚያካትት ይበልጥ ይታመናል።

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በዶላር የተሰላው የአገር ገቢ በወረቀት ላይ ወዲያው አሽቆለቆለ። በገበሬው ጎተራ ያለው ጤፍ ግን በአንድ ቁና እንኳ አልጎደለም። የነፍስ ወከፍ ገቢ ቁጥር ሲያነቡ፣ እባክዎ በባንክ ምንዛሬ ይሁን በመግዛት አቅም መሰላቱን አስቀድመው ይመልከቱ።