ቻፕሊን በጄኔቫ፣ ፖላንስኪ በዙሪክ፦ ፊልሙን ከሠሪው መለየት ይቻላል?

እአአ በሚያዝያ ወር 1953 ቻርሊ ቻፕሊን ወደ አሜሪካ የሚመለስበትን የመግቢያ ፈቃድ ጄኔቫ ውስጥ ለአሜሪካ ባለሥልጣናት አስረከበ። ያለ አንዳች ቃል፣ በአረማመዱና በባርኔጣው ብቻ ዓለምን ያሳቀው ሰው 40 ዓመት ገደማ ከሠራባት አገር በይፋ የተለያየው በዚያች ቀን ነበር።

ከ56 ዓመታት በኋላ፣ በመስከረም 2009፣ ታዋቂው ዳይሬክተር ሮማን ፖላንስኪ የክብር ሽልማት ሊቀበል ዙሪክ ሲደርስ በስዊዘርላንድ ፖሊስ ተያዘ። አንዱ ከሆሊውድ የተገፋ፣ ሌላው ከአሜሪካ ፍርድ ቤት የሸሸ ነው። የሁለቱ ታሪክ ግን ወደ አንድ ጥያቄ ይመራል፦ ተመልካች የሚወደውን ፊልም የሠራው ሰው በሥነ ምግባር ሲከሰስ ምን ያድርግ?

ጥያቄው በተለይ በኮሜዲ ላይ ይከብዳል። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ይህ የሳቅ ዓይነት ከምን እንደተሠራ ማየት ያስፈልጋል።

ድምፅ እንጂ ሕመም የሌለው ምት

በመውደቅ፣ በመጋጨት፣ በመሯሯጥና በመመታት የሚያስቀው ኮሜዲ በእንግሊዝኛ ‘ስላፕስቲክ’ ይባላል። ስያሜው በጥንቱ የጣሊያን ቴአትር ኮሜዲያን ይዘውት ከሚገቡ መሣሪያ የመጣ ነው። መሣሪያው ሁለት ስስ ጣውላዎች በአንድ እጀታ የተያያዙበት ዱላ ሲሆን፣ ሰው ሲመቱበት ጣውላዎቹ እርስ በርስ ተጋጭተው ከፍተኛ ድምፅ ያሰማሉ። የተመታው ሰው ግን አይጎዳም።

የዚህ ኮሜዲ ምሥጢር ያለው እዚህ ላይ ነው። ተመልካች የሚስቀው ማንም እንዳልተጎዳ ስለሚያምን ነው። ያ እምነት ከፈረሰ ሳቁም አብሮ ይጠፋል።

የአማርኛ ቀልድ ጉልበቱን በአብዛኛው የሚያገኘው ከቃል ነው፤ ሰምና ወርቁን ያልለየ ሰው ሳቁ ያመልጠዋል። የአካል ኮሜዲ ግን አስተርጓሚ አይሻም። ቻፕሊን በ1925 በወጣው ‘ጎልድ ረሽ’ ፊልሙ የተቀቀለ ጫማ እንደ ምርጥ ሥጋ አጣጥሞ ሲበላ፣ ረሃብን የሚያውቅ ሁሉ በየትኛውም አገር ይገባዋል።

ከካሜራው ጀርባ ግን ምቱ ሁልጊዜ የውሸት አልነበረም። ሃሮልድ ሎይድ በ1919 ለፎቶግራፍ የያዘው፣ አስመስሎ የተሠራ የመሰለው ቦምብ ፈንድቶ የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች አሳጥቶታል። በስተር ኪተን በ1924 ‘ሸርሎክ ጁኒየር’ን ሲቀርጽ አንገቱ ላይ ስብራት የደረሰበት ሲሆን፣ ይህንን ያወቀው ከዓመታት በኋላ ነው።

ሳቁ የቆመበት ቀን

ተመልካች በሆሊውድ ላይ በብዛት የተቆጣበት የመጀመሪያው ታላቅ ጉዳይ የተነሳው በአንድ ኮሜዲያን ላይ ነው። ሮስኮ አርባክል፣ በወቅቱ ከቻፕሊን ጋር ስሙ የሚነሳ ወፍራምና ቀልጣፋ ተዋናይ፣ በ1921 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ባዘጋጀው ድግስ ላይ ታምማ ከቀናት በኋላ ከሞተች ወጣት ተዋናይት ጋር በተያያዘ ተከሰሰ።

ሦስት ጊዜ ችሎት ፊት ቀረበ። በሁለቱ ዳኞቹ መስማማት አልቻሉም። በሦስተኛው፣ በሚያዝያ 1922፣ ነጻ ተባለ፤ ዳኞቹም ይቅርታ እስከመጠየቅ ደረሱ። ሆኖም በቀናት ውስጥ የፊልም ኩባንያዎች ማኅበር ኃላፊ ዊል ሄይስ ፊልሞቹ እንዳይታዩ ወሰነ። እገዳው በዚያው ዓመት መጨረሻ ቢነሳም አርባክል የቀድሞ ቦታውን መልሶ አላገኘም።

የሕዝቡ ቁጣ በአንድ ሰው ላይ አልቆመም። በ1930 የሄይስ ደንብ የተሰኘው የሥነ ምግባር መመሪያ ወጣ፤ ከ1934 ጀምሮም በካቶሊክ ምዕመናን የማዕቀብ ዘመቻ ግፊት በጥብቅ ተተገበረ። መሳሳም፣ ወንጀልና ሃይማኖት እንዴት እንደሚታዩ ሳይቀር የሚደነግገው ይህ ደንብ በ1968 በዕድሜ ደረጃ ምደባ ተተካ።

የተደባለቀው ክስ

የቻፕሊን ጉዳይ ይበልጥ ውስብስብ ነው፤ ምክንያቱም የሥነ ምግባርና የፖለቲካ ክሶች ተደባልቀው ቀርበውበታል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሚስቶቹ ሲያገባቸው የ16 ዓመት ልጆች ነበሩ። በ1944 አንዲት ወጣት ሴትን ለወሲብ ዓላማ ከግዛት ግዛት አጓጉዟል ተብሎ በፌዴራል ፍርድ ቤት ቢከሰስም ነጻ ወጣ። ያችው ሴት ባቀረበችው የአባትነት ክስ ግን የደም ምርመራ አባት አለመሆኑን እያሳየ፣ በወቅቱ የካሊፎርኒያ ሕግ ምርመራውን እንደ ማሳመኛ ስላልተቀበለው ቀለብ እንዲቆርጥ ተፈረደበት።

በሌላ በኩል የኮሚኒስት ደጋፊ ነው የሚለው ውንጀላ በርትቶበት ነበር። በመስከረም 1952 ‘ላይምላይት’ የተሰኘ ፊልሙን ለማስመረቅ ወደ ለንደን በመርከብ ሲጓዝ፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የመመለሻ ፈቃዱን ሰረዘ። ለመመለስ ስለ ፖለቲካ አቋሙና ስለ ጠባዩ መመርመር ነበረበት። ቻፕሊን ይህን ትቶ በስዊዘርላንድ፣ ከጄኔቫ ሐይቅ በላይ ባለችው ኮርሲዬ ሱር ቬቬ ሰፈረ። በታኅሣሥ 1977 ያረፈውም እዚያው ነው።

ጉዳዩ የሚያሳየው፣ የሥነ ምግባር ተቃውሞ እውነተኛ መነሻ ሲኖረውም እንኳ ለሌላ ዓላማ መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል ነው።

ከ‘ሰይጣን ቤት’ እስከ ግራንድ ሳኮኔ

ፊልምን በጥርጣሬ ማየት ለኢትዮጵያውያንም አዲስ አይደለም። ሲኒማ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ሲገባ፣ ምስል ሲንቀሳቀስ ማየት ያስደነገጠው ሕዝብ የሚታይበትን ቤት ‘ሰይጣን ቤት’ ብሎት ነበር።

ሃይማኖት ለሲኒማ የሰጠው ምላሽ ግን ውግዘት ብቻ አይደለም። በጄኔቫ አጠገብ በምትገኘው ግራንድ ሳኮኔ የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ዋና መሥሪያ ቤት ይገኛል፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም የጉባኤው አባል ናት። በዚያችው አገር በ1973፣ በሎካርኖ ፊልም ፌስቲቫል፣ ፕሮቴስታንቶችና ካቶሊኮች በጋራ ፊልሞችን የሚዳኝ ቡድን አቋቋሙ። የአሜሪካ ካቶሊኮች ምዕመናን ምን ማየት እንደሌለባቸው ሲዘረዝሩ፣ የሎካርኖው ቡድን ምን ማየት እንደሚገባቸው ለመጠቆም መረጠ።

የዙሪኩ ፈተና

ፖላንስኪ በ1977 ከ13 ዓመት ልጅ ጋር ሕገ ወጥ የወሲብ ግንኙነት መፈጸሙን አምኖ፣ በቀጣዩ ዓመት ፍርዱ ከመነገሩ በፊት ከአሜሪካ ሸሸ። ዙሪክ ላይ ሲያዝ በርካታ የፊልም ባለሙያዎች ይፈታ ብለው ፊርማ አሰባሰቡ፤ ሌሎች ደግሞ ዝና ከሕግ በላይ ሊያደርገው አይገባም ሲሉ ተቃወሙ። ስዊዘርላንድ በሐምሌ 2010 አሳልፋ እንደማትሰጠው አስታውቃ ለቀቀችው። በ2011 ወደ ዙሪክ ተመልሶ ሽልማቱን ወሰደ። ተጎጂዋ ራሷ ካደገች በኋላ ክሱ እንዲዘጋ በተደጋጋሚ ጠይቃለች፤ ጉዳዩን ለተመልካች ይበልጥ የሚያከብደውም ይህ ነው።

ሦስት የተለያዩ ተቃውሞዎች

‘ሆሊውድን እቃወማለሁ’ የሚል ተመልካች ቢያንስ ከሦስት ነገሮች አንዱን ማለቱ ነው።

የመጀመሪያው የፊልሙን ይዘት ይመለከታል፦ ልጆች ምን እያዩ ያድጋሉ? ለዚህ ዕድሜን መሠረት ያደረገ ምደባና የወላጅ ክትትል መልስ ይሆናሉ።

ሁለተኛው ስለ ሠሪው ነው። እዚህ ላይ ክስንና ፍርድን መለየት ያሻል፤ አርባክል በሕግ ነጻ ሆኖ ተቀጥቷል፣ ፖላንስኪ ጥፋቱን አምኖ ተሸልሟል። ሠሪው በሕይወት ካለና ከትኬቱ ገንዘብ የሚያገኝ ከሆነ፣ የተመልካቹ ምርጫም የተለየ ክብደት ይኖረዋል።

ሦስተኛው ኢንዱስትሪውን ይመለከታል። በ2017 ፕሮዲዩሰሩ ሃርቪ ዋይንስታይን ላይ ይፋ የወጡት ክሶች ችግሩ የአንድ ሰው ጠባይ ብቻ እንዳልሆነ አሳይተዋል፤ ለዓመታት ያወቁ ብዙዎች ዝም ብለው ነበር።

ቻፕሊን በ1972 የክብር ኦስካር ሊቀበል ሎስ አንጀለስ ሲመለስ ታዳሚው ከመቀመጫው ተነስቶ ለደቂቃዎች አጨበጨበለት። የኮርሲዬው ቤቱ ከ2016 ጀምሮ ሙዚየም ሆኗል። የጎብኚ ልጆች በባርኔጣውና በአረማመዱ ይስቃሉ፤ ስለ 16 ዓመቶቹ ሚስቶች መቼና እንዴት እንደሚነገራቸው የሚወስኑት ወላጆቻቸው ናቸው።