ካርታ የሚሥለው ሸንጎ

የአሜሪካን መንግሥት ከሩቅ ሆኖ የሚመለከት ሰው ዓይኑ አስቀድሞ የሚያርፈው በፕሬዚዳንቱ፣ በእንደራሴዎቹና በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ላይ ነው፤ በዚያው አገር ቤት ገዝቶ፣ ልጅ አሳድጎ፣ ግብር እየከፈለ የኖረ ሰው ግን የዕለት ኑሮውን የሚነካው ሥልጣን አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ከዋሽንግተን ሳይሆን ከደጁ ብዙ ከማይርቀው የማዘጋጃ ቤት አዳራሽ መሆኑን እያደር ይረዳዋል። የቤቱ ግድግዳ ከጎረቤት ወሰን ምን ያህል መራቅ እንዳለበት፣ ምድር ቤቱን ለተከራይ መስጠት ይፈቀድለት እንደ ሆነ፣ ከትይዩው ባለው ባዶ መሬት ላይ የነዳጅ ማደያ ወይስ የሕፃናት መጫወቻ እንደሚቆም፣ የቤት ጥራጊ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚነሣ፣ የወረደው በረዶ ከየትኛው ጎዳና አስቀድሞ እንደሚጠረግ፣ ይህን ሁሉ የሚወስነው አባላቱ በጣት የሚቆጠሩት የከተማው ምክር ቤት ነው።

የትንሽ ከተማ ምክር ቤት አባል ማለት በአብዛኛው ቀኑን በመምህርነት፣ በንግድ ወይም በሌላ ሥራ ሲደክም ውሎ፣ በወር አንድ ወይም ሁለት ጊዜ አመሻሹ ላይ ከባልንጀሮቹ ጋር ተሰብስቦ የሕዝቡን ጉዳይ የሚመረምር ሰው ነው፤ የሚሰጠውም አበል ከድካሙ ጋር ሲመዛዘን ኢምንት ነው። ስብሰባው፣ ሕጉ ለይቶ ከሚጠቅሳቸው ጥቂት ጉዳዮች በቀር፣ በሩ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ ይካሄዳል፤ አጀንዳው አስቀድሞ ይገለጣል፤ ቃለ ጉባኤውም ማየት ለሚወድ ሁሉ ይቀርባል። ከተማው ግን በራሱ ሉዓላዊ አይደለም። ግብር የመጣሉም ሆነ መሬት የመደልደሉ ሥልጣን ከስቴቱ ሕግ የተቀበለው አደራ ስለ ሆነ፣ ከተሰጠው ወሰን አልፎ ቢገኝ ውሳኔው በፍርድ ቤት ይሻራል።

የዚህ ሥልጣን ዋና መሣሪያ በተለምዶ ዞኒንግ የሚባለው የመሬት አጠቃቀም ድልድል ነው። ወደ አንዱ ማዘጋጃ ቤት ገብቶ የድልድሉን ካርታ ማየት የፈለገ ሰው ብዙ ጊዜ ከግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ያገኘዋል። በቢጫ የተቀባው ስፍራ ለአንድ ቤተሰብ ብቻ የሚሆን ቤት የሚሠራበት፣ ቡናማው የኪራይ አፓርታማ የሚቆምበት፣ ቀዩ ሱቅና ምግብ ቤት የሚከፈትበት፣ ሐምራዊው ፋብሪካ የሚተከልበት፣ አረንጓዴው ለመናፈሻ የተተወ ነው፤ የቀለሙ ምርጫ ከከተማ ከተማ ጥቂት ቢለዋወጥም ልማዱ ይኸው ነው። ከብዙዎቹ ካርታዎች ፊት የቆመ ሰው አስቀድሞ የሚያስተውለው ቢጫው ምን ያህል እንደ ሰፋ፣ ቡናማው ደግሞ ከባቡር ሐዲድ ወይም ከትልቅ አውራ ጎዳና ዳር ተጠግቶ ምን ያህል እንደ ጠበበ ነው።

ሥርዓቱ በመላ አገሩ እንዲጸና ያደረገችው አንዲት ትንሽ መንደር ናት። ከእርሷ አስቀድማ ኒው ዮርክ መላ ከተማውን የሚያጠቃልል ድልድል ያወጣችው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1916 ነው፤ ከዚህ በኋላም የምጠቅሳቸው ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በኖቬምበር 1922፣ በኦሃዮ ስቴት ከክሊቭላንድ ከተማ ዳርቻ የምትገኘው የዩክሊድ መንደር ምክር ቤት፣ ነዋሪዋ ገና ከ5,000 እስከ 10,000 በሚገመትበትና አብዛኛው መሬቷም እርሻና ባዶ ሜዳ በነበረበት ጊዜ፣ የክሊቭላንድ ፋብሪካዎች የባቡሩን መንገድ ተከትለው ወደ እርሷ ሲገሰግሱ አይቶ፣ መሬቷን በስድስት የአጠቃቀም ክፍል የሚለይና የሕንፃውን ቁመትና የቦታውን ስፋት ሳይቀር የሚወስን ደንብ አወጣ። አምብለር የተባለው የመሬት ኩባንያ በዚያ 68 ኤከር መሬት ነበረው፤ በእኛ ልክ ከአንድ ጋሻ ሁለት ሦስተኛ ያህል መሆኑ ነው። ኩባንያው መሬቱ ለፋብሪካ ቢሸጥ ኤከሩ 10,000 ዶላር እንደሚያወጣ፣ ለመኖሪያ ብቻ ከተከለለ ግን ከ2,500 ዶላር እንደማያልፍ ገልጦ፣ ያለ ካሣ ሀብቴን ተነጠቅሁ ሲል ከሰሰ። ጠበቃውም አስቀድሞ የክሊቭላንድ ከንቲባ፣ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜም የአገሩ የጦር ሚኒስትር የነበረው ኒውተን ቤከር ነበር።

በ1924 ጉዳዩን ያየው የፌዴራሉ ዳኛ ዌስተንሄቨር ለኩባንያው ፈረደ፤ በፍርዱም ሐተታ የዚህ ደንብ የመጨረሻ ፍሬ ሕዝቡን በገቢውና በኑሮ ደረጃው እየለዩ ማስቀመጥ መሆኑን አመለከተ። ነገሩ በይግባኝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በ1926 ሁለት ጊዜ ክርክር ከተሰማበት በኋላ፣ በኖቬምበር 22 ቀን ስድስት ዳኞች ለመንደሯ፣ ሦስቱ ለኩባንያው ሆነው ተለያዩ፤ ድልድሉም ጸና። የብዙኃኑን ፍርድ የጻፈው ዳኛ ሰዘርላንድ ፋብሪካን ከመኖሪያ መለየት ለጤናና ለጸጥታ እንደሚበጅ ያስረዳበት ክፍል በቂ ምክንያት ያለው ነው፤ የቆዳ ፋብሪካ ጢስና ግማት ከሕፃናት መኝታ አጠገብ እንዲሆን የሚወድ የለምና። ነገር ግን በዚያው ፍርድ የአፓርታማ ቤትን ከነጠላ ቤቶች መካከል ሲገባ የሌላውን ፀሐይና አየር ለመጋራት እንደሚመጣ ጥገኛ አድርጎ ገለጠው። የብዙ ከተሞች በደል የበቀለው ከዚህ አነጋገር ይመስለኛል፤ ጢስን ለመከልከል የተሰጠው ሥልጣን ኪራይ ከፍሎ የሚያድረውንም ሰው እንደ ጢስ እንዲቆጥር መንገድ ከፈተለት። የዩክሊዱ መሬት ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፋብሪካ ተሠራበት፤ በኋላም ለጄኔራል ሞተርስ ሆነ።

ዛሬ በአንድ ትንሽ ከተማ ቦታውን ለሌላ አገልግሎት ማዋል የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ማመልከቻውን ከነፕላኑ ለማዘጋጃ ቤቱ ባለሙያዎች ያቀርባል፤ እነርሱም ከደንቡ ጋር አስተያይተው ሐተታ ይጽፋሉ። ከዚያም የፕላን ኮሚሽን የሚባለው፣ ከነዋሪው መካከል የተሾመ ጉባኤ መርምሮ ሐሳቡን ለምክር ቤቱ ያስተላልፋል። በአካባቢው ላሉ ባለ ንብረቶች ደብዳቤ ይላካል፤ በብዙ ከተሞችም ከቦታው ላይ የጉዳዩ ቁጥርና የስብሰባው ቀን የተጻፈበት ሰሌዳ ይተከላል። ብዙ መንገደኛ ይህን ሰሌዳ ሳያነብ ያልፈዋል፤ ሊያስቀረው ይችል የነበረውን ነገር የሚያውቀው ግሬደሩ መሬቱን ሲጠርግ ነው።

በሕዝብ መስሚያው ዕለት መናገር የሚፈልግ ሰው ስሙን ያስመዘግባል፤ ተራው ሲደርስም በማይክሮፎኑ ፊት ቆሞ፣ በብዙ ስፍራ በሦስት ደቂቃ ውስጥ፣ ቃሉን ይሰጣል፤ ጊዜው ሲያልቅ ቀይ መብራት ይበራበታል። የጎረቤቱ ስሞታ ሁልጊዜ ተመሳሳይ ነው፤ መኪና ይበዛል፣ ጩኸት ይበዛል፣ የቤታችን ዋጋ ይወርዳል ይላል። ምክር ቤቱም ሰምቶ ይፈቅዳል፣ ይከለክላል፣ ወይም ቅድመ ሁኔታ ያኖራል፤ ዛፍ ትከል፣ አጥር እጠር፣ መብራትህን ወደ ምድር አዘንብል፣ ከዚህ ሰዓት በኋላ አታሠራ ይላል። ደንቡ በቦታው ልዩ ጠባይ ምክንያት ፍጹም የሚያስጨንቀው ሰው ቢኖር ደግሞ ከደንቡ ጥቂት እንዲለይ የሚፈቅድለት የይግባኝ ቦርድ አለ።

በዚህ በር ከሚገቡት ባለ ጉዳዮች መካከል የእኛም ወገን ይገኝበታል። በልመናና በመዋጮ ገንዘብ አጠራቅሞ ሕንፃ የገዛ ሰበካ ጉባኤ፣ በመኖሪያ ሰፈር ቤተ ክርስቲያን ለመትከል ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋል ሲባል፣ አስቀድሞ የሚጠየቀው ስለ መኪና ማቆሚያ ነው። የብዙ ከተሞች ደንብ የማቆሚያውን ብዛት የሚሰፍረው በመቀመጫ ቁጥር ነው፤ ለምሳሌ ለአራት መቀመጫ አንድ የመኪና ቦታ ይላል። የእኛ ምእመን ግን መቋሚያውን ተደግፎ ቆሞ የሚያስቀድስ ስለ ሆነ፣ መቀመጫ ቢቆጠር ከሕዝቡ ቁጥር ጋር አይገናኝም፤ እንዲህ በሆነ ጊዜ ብዙዎቹ ደንቦች የወለሉን ስፋት ይለካሉ። በተራ እሑድ የሚበቃው ስፍራ ለትንሣኤ ሌሊት አይበቃም፤ ቅዳሴው የሚፈጸመው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ስለ ሆነም ሕዝቡ ወደ መኪናው የሚመለስበት ሰዓት ጎረቤቱ እንቅልፍ የያዘው ሰዓት ነው። አስቀድመው ይህን ያሰቡ አስተዳዳሪዎች ከአጠገባቸው ካለ ትምህርት ቤት ጋር ለበዓላት ቀን የማቆሚያ ውል ይዋዋላሉ፤ ጎረቤቶቻቸውንም ከስብሰባው ቀን በፊት በየቤታቸው እየዞሩ ያነጋግራሉ። በ2000 የወጣው የፌዴራል ሕግ ከተሞች በድልድል ደንብ ምክንያት በአምልኮ ላይ ከባድ ሸክም እንዳይጭኑ፣ ቤተ እምነትንም ከሌላው የመሰብሰቢያ ስፍራ አሳንሰው እንዳይመለከቱ ያዛል፤ ቢሆንም ሕግን ጠቅሶ ከመሟገት በፊት ከጎረቤት ጋር ቡና ጠጥቶ መነጋገር ብዙ ነገር ያቀናል።

ድልድሉ ከከተማው አገልግሎትና ከግምጃ ቤቱ ጋር የተቆራኘ መሆኑን ያላስተዋለ ሰው የምክር ቤቱን ጠባይ አያውቀውም። ውሃው፣ ፍሳሹ፣ እሳት አደጋው፣ ፖሊሱ፣ ቤተ መጻሕፍቱና የመንገዱ ጥገና የሚቆሙት በአብዛኛው በንብረት ግብርና በአገልግሎት ክፍያ ነው፤ ከንብረት ግብሩም ሰፊውን ድርሻ በብዙ ስፍራ ትምህርት ቤቱ ይወስደዋል። እንግዲህ ፋብሪካ ቢመጣ ግብር ይከፍላል እንጂ ልጅ አያስተምርም፤ ሰፊ ቅጥር ያለው ውድ ቤትም ብዙ ግብር ያገባል፤ አራት ልጆች ያሉት ድኻ ቤተሰብ በኪራይ ቤት ቢገባ ግን ከሚያስገባው የሚያስወጣው ይበልጣል። ይህን ስሌት በልቡ የያዘ ምክር ቤት የማንንም ዘርና ስም ሳያነሣ፣ በቦታ ስፋትና በመኝታ ክፍል ቁጥር ብቻ፣ የማይፈልገውን ሰው ከከተማው ደጅ ሊመልሰው ይችላል።

በኒው ጀርሲ ስቴት፣ ከካምደን ከተማ አጠገብ ያለችው የማውንት ሎረል ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። በ1950 ነዋሪዋ 2,817 ነበረ፤ በ1970 ግን አውራ ጎዳናው የከተማውን ሕዝብ እያመጣ 11,221 አደረሰው። በ1964 የወጣው ደንቧ 4,121 ኤከር ለፋብሪካ ከልሎ፣ ፋብሪካ የቆመው ከ100 ኤከር በማይበልጠው ላይ ብቻ ነበር፤ በአጠቃላይ የመኖሪያ ክፍሎቿ የሚፈቀደውም ለአንድ ቤተሰብ የሚሆን፣ ለብቻው የቆመ ቤት ብቻ ነበር። በዚህ ምድር ለብዙ ትውልድ የኖሩ ጥቁር ቤተሰቦች፣ አንዳንዶቹ የዶሮ ቤት በነበረ ጎጆ ሳይቀር እየተጠለሉ ሳለ፣ ጎጆዎቹ ለመኖሪያ አይበቁም ተብለው መዘጋት ጀመሩ፤ በምትካቸውም 36 አፓርታማ ለመሥራት ቢጠይቁ ተከለከሉ። በ1970 ከንቲባው ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው መጥቶ፣ በከተማችን ለመኖር አቅም የሌለው ሰው ለቅቆ መሄድ ይኖርበታል ብሎ በአደባባይ ነገራቸው። ከምእመናኑ መካከል ኤተል ሎረንስ የምትባል የሕፃናት መምህርት ነበረች፤ እርሷ ከሌሎች ጋር ሆና ከተማዋን ከሰሰች።

የስቴቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1975 በዳኛ ፍሬዴሪክ ሆል ብዕር ሲፈርድ፣ በማደግ ላይ ያለ ከተማ ደንብ ሲያወጣ የደኅንነቱን ነገር ሊያስብለት የሚገባው በወሰኑ ውስጥ ላለው ሰው ብቻ አይደለም፤ በአካባቢው ላለው ድኻም ተገቢውን የቤት ድርሻ እንዲያገኝ በካርታው ላይ ስፍራ መተው ይገባዋል አለ። የዚህ ፍርድ ጥልቀት የሸንጎውን ዋና ሕመም መንካቱ ነው። በስብሰባው የሚናገረው፣ ድምፅም የሚሰጠው አስቀድሞ በከተማው ቤት ያለው ሰው ነው፤ ድልድሉ ያስቀረው ሰው ግን ነዋሪ ስላልሆነ ደብዳቤ አይደርሰውም፣ ከማይክሮፎኑ ፊትም አይቆምም። ስለዚህ ሥርዓቱ ሁሉ በትክክል ተፈጽሞ፣ ሁሉም ሦስት ደቂቃውን ተናግሮ፣ ፍጻሜው በደል ሊሆን ይችላል።

ከተማዋ ፍርዱን ለመፈጸም ያቀረበችው ጥቂት መሬት ብቻ ስለ ነበረ፣ ፍርድ ቤቱ በ1983 ይበልጥ አጥብቆ ዳግመኛ ፈረደ፤ በ1985ም ይህን የሚያስፈጽም የስቴቱ ሕግ ወጣ። ኤተል ሎረንስ በ1994 ዐረፈች። በስሟ የተጠራው የቤቶች መንደር የመጀመሪያዎቹን ተከራዮች የተቀበለው ከስድስት ዓመት በኋላ በ2000 ነበር፤ ሁሉም ተሠርተው ሲጠናቀቁ ቤቶቹ 140 ሆኑ። ጎረቤቶቹ ወንጀል ይበዛል፣ የቤታችን ዋጋ ይወርዳል፣ ግብር ይንራል ብለው በየስብሰባው ሲናገሩ ስለ ነበረ፣ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲው ዳግላስ ማሲ ከባልደረቦቹ ጋር ነገሩን መርምሮ በ2013 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከጎረቤት ከተሞች ጋር ሲነጻጸር ከተፈራው ሁሉ አንዱም አለመድረሱን፣ በመንደሩ የገቡት ቤተሰቦች ገቢና የልጆቻቸው ትምህርትም መሻሻሉን አረጋገጠ። በ2024 የወጣው የኒው ጀርሲ ሕግ የ564ቱን ከተሞችና መንደሮች ድርሻ በየአሥር ዓመቱ እንዲሰላ ያደርጋል፤ ድርሻ የደረሰውም ምክር ቤት ቤቶቹ የሚቆሙበትን ስፍራ ለይቶ፣ ደንቡን አሻሽሎ፣ ሕዝብ ሰብስቦ ያጸድቃል።